ሣሬን በብብቴ

እሑድ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣
ተራ ጠባቂ ባጃጅ እንቅልፉን ሳይረሳ፣
ሣሬን በብብቴ ጠቅልዬ እወጣለሁ፤
ሰው ወደ ሣር ይሄዳል፣ እኔ ሣር ይዣለሁ።
ክንድ ከስንዝር ናት። የሠርግ አዳራሽ ፈርሶ፣
ሻጩ ከምንጣፉ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ሰማንያ ብር ቀንሶ፤
ጠርዟ ተተርትሯል፣ ቀለሟም ለቅቋል፣
ግን በአዳማ አሸዋ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል?

በሩ ላይ ኦቦ ገመቹ ዱካቸው ላይ ሆነው፣
ሃያ ብሬን ቆጥረው፣ ካርቦን አስተካክለው፣
ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ጥራዙ ግን የከብት ገበያ ነው፤
ለጎልፍ የሚሆን ማዘጋጃ ቤቱ ገና መች አሳተመው!
«የእንስሳው ዓይነት» ከሚለው ነጠብጣብ ላይ
«ሰው» ብለው ሲሞሉ እጃቸው አይዘገይ፤
«ብዛት» ከሚለው ፊት «አንድ ራስ» ይላሉ፤
ቦጭቀው ሲሰጡኝ፣ ሳይስቁ፣
«መልካም ግጦሽ» ብለው ወደ ቀጣዩ ይዞራሉ።

ጉድጓዱ ዘጠኝ ነው። ስምንቱን እኛ ቆፈርነው፣
ዘጠነኛው የፍልፈል ነው፤
ከእኛው ይልቅ ክብ ቢሆን፣ አፍረን ተውነው።
«አረንጓዴ» የምንለው ዙሪያው ጥቁር ነው፣
የተቃጠለ ዘይት ከሙኽታር ጋራዥ ጠጥቶ፣
ነፋስ እንዳይበትነው በቅባት ተገትቶ።
ጨርሰን ስንሄድ ዱካችንን እንጠርጋለን፣
ተከታዩ መጥቶ ስሕተታችንን እንዳያነብብን።

ሙኽታር ሲመታ የከባድ መኪና ብሎን እንደሚፈታ ነው፣
ከነሙሉ ትከሻው፣ ከነስድቡ፤
ኳሷም ባቡር እንደምትቀበል ሁሉ
ወደ አሮጌው ሐዲድ ትገሰግሳለች።
ሲስተር ጥሩወርቅ ከሌሊት ተረኛነት ነው የምትመጣው፤
ደም ሥር እንደምትፈልግ ዝም ብላ ቆይታ፣
ወጋ ታደርጋለች። አጭር፣ ቀጥ ያለ።
«አላመመሽም አይደል?» ትላታለች ኳሷን።
እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ማጎንበስ አይከብደኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በየሰው ግቢ ተደፍቼ፣
ባዶ ቧንቧ እያፏጨ ቆጣሪውን ሲያዞረው፣
አየሩን እንደ ውሃ መዝግቤ
ስንቱን ለነፋስ አስከፈልኩ፣ ቤት ይቁጠረው።

ሦስት ሰዓት ሲል ነፋሱ ገባ።
ተራራው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች መዞር ጀመሩ፤
እዚያ ላይ ነፋስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣
እዚህ ታች ግን የግሉን ነው የሚሠራው።
ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ነበርን፣ ከሲስተር ጋር እኩል፤
ኳሴ ከአፉ ደርሳ፣ አንድ ጣት ሲቀራት፣ ቆመች።
ያኔ ከሜዳው ዳር አንድ አዙሪት ተነሣ፣
ላስቲክና ገለባ ለብሶ፣ በአንድ እግሩ እየሾረ፤
ሣሬን ከእግሬ ሥር ነጥቆ አጥር አሻገራት።
አንዲት ፍየል አሸተተቻት፣
ቀመሰቻት፣
ፊቷን አዞረች።
ዓይናችንን ስንገልጥ ኳሴ ጉድጓድ ገብታለች።

«ገባች!» አልኩ።
«ማን አገባት?» አለ ሙኽታር።
ሲስተር ከጥርሷ አሸዋ እንትፍ ብላ፣
«ነፋስ ነው፣ አይያዝም» አለች።
ተሟገትን። እየተሟገትን በሩ ላይ ደረስን።
ኦቦ ገመቹ ሰምተው፣ ሰምተው፣ ጥራዙን ገለጡ፤
ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ጻፉ፦

የእንስሳው ዓይነት፦ ነፋስ።
ብዛት፦ አንድ ራስ።
ከፋይ፦ የውሃው ሰውዬ።

«ምቷስ ትያዝልህ» አሉ፤ «ግን እሱ ሳይከፍል ነው የተጫወተው፤
አንተ ክፈልለት።»

ሃያ ብር አወጣሁ፤ ያለ ክርክር።
ነፋስ በእኔ ላይ ሲቆጠር ገና መጀመሪያው ነው።
ደረሰኙን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩና
ሣሬን ልፈልግ አጥሩን ዘለልኩ፤
ፍየሏ አጠገቧ
እንደ ተቀየመች ቆማለች።