የውሰት ንብ

ሸዋበር ጥግ ላይ ናት፣ የኔ ሱቅ ጠባቧ፣
ሦስት ሰው ከገባ፣ የሚጨነቅ ልቧ።
ማተሚያው ያስላል፣ ጉም በበር ይገባል፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የሠራሁት ይጠፋል።

ጋሼ ሙሄ መጣ፣ በጠርሙስ ማር ይዞ፣
ክዳኑ በላስቲክ፣ በገመድ ተይዞ።
«ሐያት» አለኝ፣ «ልጄ፣ ታፔላ ሥሪልኝ፣
ንብ ትኑርበት ታዲያ፣ ስሜን ታስጠራልኝ።»

«ንብ» ብዬ ጻፍሁና፣ መፈለጊያውን ነካሁ፣
አራት ሺህ ንብ ወጣ፣ አይቼ መች ዘለቅሁ?
የምትስቅ ንብ አለች፣ መነጽር ያረገች፣
ቦክሰኛ ንብ አለች፣ ጓንት ያጠለቀች።
ዘውድ የደፋች አንዷን፣ ወርቅማዋን መረጥሁ፣
ክንፏን ሰማያዊ፣ ሆዷን ቢጫ ቀባሁ፣
«የሙሄ ማር» ብዬ፣ ከሥሯ አሰፈርሁ፣
ስድስት መቶ ብር፣ ቆጥሬ ተቀበልሁ።
ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሻዬ እንኳ አልበረደ፤
እሱ ግን መርቆኝ፣ ደስ ብሎት ሄደ።

ክረምቱ አለፈና፣ መስከረም ጠብቶ፣
ሙሄ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ገብቶ፣
ንቡን አያት።
ያቺኑ ዘውዳሟን፣
ከሕፃናት ትምህርት ቤት አጥር ላይ፣ ፊኛ አስይዘዋታል።
አለፍ ሲል ደግሞ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ።
አለፍ ሲል ደግሞ፣ ይህ ነው ያመመው፣
«የአስናቁ ማር» ብላ፣
የማያውቀውን ሰው ስም ከሥሯ አንጠልጥላ።

በማግስቱ መጣ፣ ፊቱ ጉም መስሎ፣
«ንቤ ኮበለለች፣ እከሳለሁ!» ብሎ።
«ምልክቴ ትሁን ብዬ፣ ላስመዘግባት ብሄድ፣
ማን ፈጠራት አሉኝ።
ሐያት ናት አልኳቸው።
እንግዲያው ትምጣና ትፈርም አሉኝ።»

ሐያት። እኔ። ፈጠርሁ?

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከገጹ ግርጌ ላይ፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ ደቃቅ ፊደል ሲታይ፣
ሁልጊዜ ሳላነብ፣ «እስማማለሁ» ብዬ
ተጭኜ ያለፍሁት፣ ደንብ ኖሯል፣ ጉዴ ፈላ፣ ወዬ!
በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ቃል በቃል ፈታሁት።
ተጠቀም ይላል። አትም፣ ለጥፍ፣ ነግድበት።
ግን የብቻዬ ናት አትበል፤
ላንተ እንደሰጠሁ፣ ለጠየቀ ሁሉ እሰጣለሁ።
ሥራ ሳትጨምርባት፣ ራቁቷን አትሽጣት።
የንግድ ምልክት ብለህ፣ በስምህ አታስመዝግባት።
የፊደሉ ቅርጽ ሳይቀር፣ ባለቤት አለው ይላል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል የሰማሁት፣
ለሠርግ ሐብል ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ጠዋት ነገርሁት። ስድስት መቶውንም ዘረጋሁ።
ገንዘቡን አልነካም።
«ስሜስ?» አለ።
ስምህ ያንተ ነው።
«ማሩስ?»
ማሩም።
«ማሩ እንኳ» አለና፣ ሳቅ ቢጤ አመለጠው፣
«ማሩ እንኳ የንቦቹ ነው፤ ሳልጠይቅ ነው የምቆርጠው።
ግን ለክረምት አንድ ሁለት እንጀራ፣ ከቀፎው እተዋለሁ፤
ያን የነፈግሁ ዕለት፣ ባዶ ቀፎ እንደማቅፍ አውቃለሁ።
ያ ደንብሽም እንደዚህ ነው የሚለው?»
ይመስለኛል አልሁት።

ቅዳሜ ጦሳ ሥር፣ ቀፎው ዘንድ ወሰደኝ፤
እርሳስ ይዤ ቁጭ አልሁ፤ አንዷ ንብ ነደፈኝ።
ሌላዋ ግን አረፈች፣ ከወረቀቴ ጫፍ፣
እግሯን ስታሻሽ ሳልኳት፣ ሳትነሳ ሳትከንፍ።
አንዱ ክንፏ ገዘፈ። ዘውድ የላት፣ ሳቅ የላት።
ሙሄ አዘንብሎ አየና፣ «ዝንብ ትመስላለች» አላት።
ቢሆንም ሰቀላት።

በሁለት ምስክር ፊት፣ ወረቀት ተጻፈ፦
ሥዕሏ ከሐያት እጅ፣ ለሙሄ የተላለፈ፤
ለማሩ ብቻ፣ ለሳሙና አይሆንም፤
ከክንፏ ሥር ያለው ስሜም አይነቀልም።

ትናንት ሰኞ ገበያ፣ ልያት ብዬ ሄጄ፣
አንድ ጎረምሳ ቆሟል፣ ከታፔላው ደጄ፤
(ደጄ አልሁ? የሙሄ ደጅ ነው።)
ስልኩን ቀና አድርጎ ንቧን ፎቶ አነሳት።
ሮጬ ያዝሁት። «ምን ልታረጋት ነው?»
«ዝም ብዬ ነው እህቴ፣ ክንፏ አስቆኝ ነው።»
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ ልጁን ሸፈነው።