አገር ማቅናት

ከሪያድ ወደ ደማም ሐዲዱ ሲነጉድ፣
መንገድ ላይ አንድ ስፍራ አለ፤ ስሙ ሐረድ።
ባቡር ከመምጣቱ፣ ፓምፕ ከመተከሉ፣
ስፍራም አልነበረ፤ አሸዋ ነው ሁሉ።
ሰዉም ከግመሉ ጋር ደመና ይከተላል፣
ዛሬ እዚህ ያነጥፋል፣ ነገ ይጠቀልላል።

ይህን የነገረኝ አቡ ፈራጅ ነው፣
ጥርሱ ያለቀበት፣ ወሬው ያላለቀው።

«መጀመሪያ ብረት መጣ» አለኝ፣ «ቀጥ ያለ፣
ግመሌ አሸተተው፣ ተሻግሮት ቀጠለ።
ቀጥሎ ምድር የሚወጋ መኪና መጣ፣
ወጋ፣ ወጋ፣ ወጋ፤ ውኃው ትኩስ ወጣ፣
ሻይ እንደሚፈላ። የጂን ነው ብለን ሸሸን።
ማታ ጠማንና፣ ጂኑን ረስተን ተመለስን።
ከዚያ ባለ ወረቀት መጣ፣ በመኪና፣
‹ቤትህ ይኸውልህ› አለኝ፣ ቁልፍ ሰጠኝና
ሄደ። ቁልፍ! ለኔ፣ በር ኖሮኝ ለማላውቅ!
ባንገቴ አሰርኩት፣ እንደ ክታብ፣ እንዳይወድቅ።»

እኔ እዚህ የመስኖ ማሽን ጠባቂ ነኝ።
ክንዱ አራት መቶ ሜትር፣ እግሩ ጎማ፣
መሐል ላይ ታስሮ ሲዞር የሚያድር፣
አውድማ ላይ እንዳለ በሬ።
ግን ያገሬ በሬ እህሉ ከታጨደ በኋላ ይዞራል፤
ይህ እህል ሳይኖር ዞሮ ዞሮ እህሉን ያመጣል።
ያገሬ መሬት በጥማድ ይለካል፣ በበሬ ትንፋሽ፤
ይህኛው በዙር፣ በናፍጣ በርሜል፣ በጉልዛር መፍቻ።
ጉልዛር የፔሻዋር መካኒክ ነው፤ ማሽኑን በፓሽቶ ይሰድባል፤
ማሽኑም ይገባዋል መሰል፣ ይነሣል።

«አገር አቀና» ይላል አማርኛችን ሲያሞግስ፣
መሬቷ ጠማማ እንደነበረች፣ ሰው እስኪደርስ።
እዚህ ግን ሥራውን ሁለት ሆነው ተካፈሉት፦
ሐዲዱ አቀና፤
ክቡ ከበበ።

አባቴ ሐዲድ ለዋጭ ነበር፣ የሸመንደፈር ሰው፣
ከድሬዳዋ ወዲህ፣ ባቡር ድሮ ውኃ ሲጠማው
ይቆምባት በነበረች ጣቢያ።
መጀመሪያ የውኃው ጋን ተተከለ፤
ከጋኑ ሥር ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ጎን ልብስ ሰፊ፣
ከዚያ ወፍጮ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እኔ።
ከተማችን የአንድ ባቡር ጥማት ነበረች።
አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ መጣ፣ የማይጠማው፣
በኮረብታው ማዶ አለፈ፤ ማን ይጥራው፣ ማን ይሰማው።
ልብስ ሰፊው ስንጀሩን በጀርባው አዝሎ ሄደ።
እኔም ባሕር ተሻገርሁ።

አሁን ደግሞ እዚህ ውኃው እየራቀ ነው።
አምና ሃያ ሜትር ቧንቧ ጨመርን፣ ዘንድሮ አርባ፤
ፓምፑ አንዳንዴ አየር ይጠጣል፣ ያስነጥሰዋል።
ከአሥራ አንዱ ክብ አረንጓዴ የቀሩት አራት፤
ስንዴው ቀርቷል፤ የላም ሣር ነው፣ ለማናያቸው ላሞች።
የአቡ ፈራጅ ልጆች ጁበይል ፋብሪካ ገቡ።
በሩን ጨው በልቶታል፤ ቁልፉ ግን አንገቱ ላይ ነው።

«አንተ» አለኝ ትናንት፣ «የባቡር ልጅ ነኝ ትላለህ፤
ውኃው ሲያልቅ ምን ይሆናል? አይተሃል፣ ታውቃለህ።»
አይቻለሁ። ግን የልብስ ሰፊውን ጀርባ
እንዴት አድርጌ በዓረብኛ ልንገረው?
«ሣሩ ይደርቃል» አልኩት።
«እሱንማ ግመሌም ያውቃል» አለኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕቃ ባቡሩ ያልፋል።
እንደ አባቴ ፋኖስ የእጅ ባትሪዬን ከፍ አደርጋለሁ፤
ማንም እንደማይቆም እያወቅሁ።
ዛሬ ነጂው ጥሩምባ ነፋ፣ ረዘም አድርጎ።
ለኔ መስሎኝ ደስ አለኝ።
ዞር ብዬ ባበራ፣ ሐዲዱ ላይ ግመል ቆሟል፣
የዚያ የድሮው የልጅ ልጅ።
አሸተተው።
ተሻገረው።
ቀጠለ።