መወርወሪያ መሳም

በበርንሊ ከተማ፣ ከቦዩ ባሻገር፣
ዊኒፍሬድ ኦርመሮድ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣
ጆሮ ከሚያደነቁር ከሦስት መቶ መኪና መንደር
ገባች፤ ምሳዋ በጨርቅ፣ ቀሚሷ የእህቷ።

አስተማሪዋ አዳ ፒካፕ ናት፣ ድዷ የሳሳ፣
በከንፈር ብቻ የምታወራ፤ በዚያ ጫጫታ ድምፅ ማን ሰምቶ!
«ማጉ ሲያልቅ፣ መወርወሪያውን አፍሽ ላይ አንሺ፤ አትፍሪ፤
በቀዳዳው ሳቢው። ሳሚው።»
በአንድ ትንፋሽ ክሩ ወጣ፣ ከአዳ ከንፈር ወደ ልጅቷ ከንፈር፣
ከዚያ ለማታ ተረኛዋ፤ አንድ እንጨት፣ አርባ ሴት፣
የማይታይ ድር።

ፋብሪካው ዛሬ ምንጣፍ ይሸጥበታል።
እኔ ማንችስተር፣ ሆስፒታል ምድር ቤት ነኝ፤
ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ የሰው ሥጋ እቆርጣለሁ፣
መስታወት ላይ ዘርግቼ ቀለም አጠጣለሁ።
በዚህ ሳምንት የቆረጥኩት የእሷን አንጀት ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉት ቃል ነበረ፤
ከአፍ የወረደውስ ወዴት አደረ?

ድዷ ሲደማ «ያልፋል» ስትል ኖራ፣
ከጥርሷ ሥር ተነሣ አንድ ረቂቅ ፍጡር፤
በምራቅ ይሁን በደም፣ መንገዱን አላየሁም።
ከአንጀቷ ጥግ፣ ከእብጠቱ ገላ ስኳር ቢጤ ሸተተው፣
ተጠግቶ ያዘው፣ ተጣበቀ፣ ጎጆ ቀለሰበት።
ዘበኛው ነጭ የደም ሴል ሲመጣ ዓይኑን ይሸፍነዋል፤
እብጠቱን «እደግ፣ ተመንደግ» ይለዋል።

እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው? አላልኩም።
የነደደውን ሊሞቅ የመጣም ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም።
ብቻ ካንሰሩ ወደ ጉበቷ ሲሻገር ጓዙን ጠቅልሎ፣
ጉበቱንም ስቆርጥ አገኘሁት፣ ጌታውን ተከትሎ።

ማክሰኞ መጣች። «የራሴን ልይ» አለች።
ሐኪሙ ፈቀደ፤ ወንበር ሳብኩላት፤ መነጽሯን አወለቀች፤
ማጉያው ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች።
በጨለማው ውስጥ ቀይ ቀይ የሚያበሩ፣
ጫፍና ጫፋቸው የሾለ፣ ወገባቸው ወፈር ያለ።
«እንዝርት!»
«ስሙንም ከእንዝርት ነው ያወጡለት» አልኳት።
ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ።
«እንግዲያ የኦልድሃም ሰው ነው። ፈትል የእነሱ ነው፤
እኛ በርንሊዎች እንሸምናለን እንጂ አንፈትልም።»

ከዚያ ቀና አለች፣ መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ አፈጠጠች።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ያለ ድምፅ፣ ሰፋ አድርጋ፣
መኪናው ሁሉ ዛሬም እየጮኸባት ይመስል፣
ከወዲያ ማዶ ለቆመች ሴት እንደምትነግር።
ያን ንባብ ማንም አላስተማረኝ።
የሰው ስም ጠርታ ይሆናል። «ማጉ አለቀ» ብላም ይሆናል።
መጨረሻ ላይ ግን ከንፈሯን አሾለች፣
ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ሳበች፣
አንድ ቀጭን ነገር እንደምታወጣ።