ስምንተኛው

ደቻቱ ሌሊቱን ተራራ ተሸክሞ፣
በማለዳ ሳየው ተኝቷል ደካክሞ፤
አሸዋው ላይ ጫማ፣ ድስትና የበር ሳንቃ፣
የሦስተኛ ክፍል ደብተር ከነጭቃ።
ኃላፊው በስልክ «ሰባት ሰው» አሉኝና
ከሌሎቹ ቀድሜ አደረስኩት ዜና።

ከዚራ፣ ማራገቢያው ከላይ እየጮኸ፣
ጋሽ ወርዶፋ ገጹን አነበበ፤
«ማን ቆጠረ?» አለኝ።
«ኃላፊው ናቸዋ!»
«ለእሳቸውስ ማን ነገራቸው?»
ዝም አልኩ።
መነጽሩን ዝቅ አርጎ ጫማዬን አየና፣
«አንድ ጭቃ የለበት፤ ሂድ ቁጠር እንደገና።»

ሄድኩ። ድልድዩን ትቼ፣ በወንዙ አቋርጬ፣
ገንደ ቆሬ አፋፍ ላይ ከመሬት ተቀምጬ
ስም ስሰማ ዋልኩኝ።
አንዲት እናት የልጇን ዕድሜ ስትነግረኝ
እስክሪብቶዬ ከበደኝ፤
መልሼ ኪሴ ከተትኩት፤
የጠየቅኋት የለም፣ የነገረችኝን ሰማሁት።

ማታ ከፊራ በር ጫት ሻጯ ፋጡማ
«ሰባት ነው ካላችሁ የእኛው ሰው የለማ!
ኩሊው! ከረጢት ተሸካሚ፣ ከድልድዩ ሥር አዳሪ፤
መቶ ሃያ ብሩ ይኸው፣ አደራ እኔ ጋ ቀሪ።»
ስሙስ?
«ኩሊው ነው የምንለው፤ ስሙን ጠይቆት ማን ያውቃል?»
መዝገብ ላይ ያልነበረ ሰው፣ ሲሞት ከየት ይጎድላል?

ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
የባቡር ጣቢያው ዘበኛ፣ የሲሚንቶ መኪና ረዳት፣
የአስከሬን ክፍሉ ጠባቂ (እሱስ አባረረኝ ሁለት ሌሊት)፤
መጨረሻ ላይ አንድ የሽንሌ ሰው፣ አብሮት የተሸከመ፣
«ጉሌድ» አለኝ፣ «ጉሌድ ሮብሌ»፣ ፊደል በፊደል ደገመ።

ሮብሌ በሱማሊኛ፣ ዝናብ ይዞ የመጣ ነው፤
ታዲያ ከዚህ የበለጠ መግቢያ ከየት ሊገኝ ነው?
«የዝናብ ልጅ፣ በዝናብ ውሃ...» እያልኩ አሳመርኩት፤
ጋሽ ወርዶፋ በቀይ ሰረዘው። ተቆጣሁ። ሞገትኩት።
«ቅኔው ላንተ ነው» አለ፣ «ለሱ ስሙ ይበቃዋል።
ስምንት በል። ስሙን ጻፍ። አንባቢ ልብ አለው፣ ያውቃል።»

ሐሙስ ታተመ። ጉሌድ «ኩሌድ» ሆኖ!
አንድም ሰው አልደወለ።
ጋሽ ወርዶፋ ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ፤
ዓርብ፣ ገጽ ሁለት፣ ከታች ጥግ ላይ፣
ሁለት መስመር እርማት፣ እንደ ራስ ምታት ክኒን ትንሽ የምትታይ።

ይዤው ከፊራ ወረድኩ። ፋጡማ ፊደል አታውቅም፤
ስሙን በጣቴ አሳየኋት፣ እሷም በጣቷ ዳሰሰችው፣
በቢላዋ ጠርዛ ቆረጠች፣ ብሩን ጠቀለለችበት፣
ሽንሌ ለሚሄድ ሹፌር በመስኮት አቀበለችው፤
«ለእናቱ» አለች፣ «ስሙ ያለበት ነው፤
ወረቀቱን እንዳትቀደው።»