የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ

መምህር እንድሪስ ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ጋን ሣለ፤
በግራ ቀስት፣ በቀኝ ቀስት ሰክቶ እንዲህ አለ፦
«የገባ ሁሉ ወይ ወጥቷል፣ ወይ እዚያው አለ፤ ሌላ የለም፤
ሂሳቡ እንቢ ካላችሁ ራሳችሁን ፈትሹ፣ ቁስ አይዋሽም።»

ዘሀራ ፈጥና ገለበጠች፤ የኔ ብዕር ግን ቆመ፤
አባቴ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ቀለም ቤት ሠላሳ ዓመት ከረመ፣
ሙቀቱን በክርኑ ለክቶ፣ ሰማያዊውን በዓይኑ መዝኖ፣
«ጨው ይቀረዋል» እያለ፣ ከእንፋሎቱ ጋር አንድ ሆኖ።

የገባ፦ ጎልማሳ አንድ፣
ባለ ወፍራም ክንድ።
የወጣ፦ ስንት ሺህ ሜትር አንሶላ፣ የስንት ተማሪ ዩኒፎርም፤
ጥቂቱን ቦርከና ወሰደው፤
የቀረው ደረቱ ውስጥ ነው፣
ሌሊት ሌሊት በሳል ይቆጥረዋል፣ እስኪነጋ አይጨርስም።

ስለ ዩራኒየም በተማርን ዕለት ግማሽ ዕድሜ የሚባል ሰማን፦
ግማሹ ይሄዳል፣ ከቀረው ደግሞ ግማሹ፣
ከዚያም ከቀረው፤
ጨርሶ ግን አይጠፋም።
«ያሳዝናል» አለች ዘሀራ።
እኔ በመስኮቱ ሐረጎን አየሁ፣ ዳገቱን ጭጋግ ውጦታል።

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እቤት።
አባቴ ደብተሬን ገለጠ፤
ለፊደሉ ዓይኑ ደክሟል፣ ጋኑን ግን ባንድ እይታ ለየ፤
ቀስቶቹን በጣቱ ተከተለ፣
ጥፍሩ ሥር ዛሬም ሰማያዊ አለ፤
ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።
«ጥሩ ነው» አለ። «ጨዉንስ በየት በኩል ነው የምትጨምሩት?»

መምህር እንድሪስ ይህን አልጠየቀንም።
እርሳስ አንሥቼ፣ ከላይ፣ ሦስተኛ ቀስት ሣልኩለት።