ገፈርሳ ላይ፣ በክንድ ሲለካ

ጠዋት ቴርሞሜትር በገመድ አስሬ፣
ከጉተማ ጀልባ ሰደድኩት ቆጥሬ፤
ላዩ ለብ ብሏል፣ ታቹ እንደ በረዶ፣
አንድ ቤት እያደሩ፣ ማዶ ለማዶ።

ከቀትር በኋላ ከመናገሻ ነፈሰ፤
ለጥ ያለው የውሃ ፊት ተሸበሸበ፣ ታረሰ።
አረፋው ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ተሰልፎ፣
በሬ ያልሳበው ትልም፣ አልፎ አልፎ።

«ሞገድ የትም አይሄድ፣» አለኝ ጉተማ፣
«ቡሿን እያት፤ ወጣች፣ ወረደች፣ እዚያው ናት። ስማ፣
ግርግር ብቻ ነው።»

ዝም ብዬ ገመዱን ደግሜ ለቀቅኩት፤
አንድ ክንድ፣ ሦስት ክንድ… ለብታውን አገኘሁት፣
ጠዋት ላይ የነበረው፣ አምስት ክንድ ወርዶ፣
ብርዱን እያማሰለ፣ ከብርዱ ተዋልዶ።

ስድስተኛው ክንድ ላይ ያው ነው፤ ያው ጨለማ፣
ነፋስ መንፈሱን እንኳ ገና ያልሰማ።