ከመጀመሪያው ምት በፊት

“ባሕሩ ዐሥራ አምስት ዲግሪ” ሲል መሣሪያችን፣
ሩስላን ዓሣ አርቢው እጁን ነክሮ ሳቀብን።
“ሠላሳ ነው” አለ፣ “ልክ እንደ ትናንቱ፤
ግማሹን ማን በላው? የት ገባ ሙቀቱ?”

ሰሌዳውን ይዘን ባያን ለፓስ ገባን፣
ከማቀዝቀዣው ሥር ጠረጴዛ ከበን።
ለብ ባለ ብርጭቆ ሴንሰሩን ብነክረው
ሠላሳ አለ፣ ሠላሳ፤ ምንም አልጎደለው።
ሰሌዳውን ብቻ ፀሐይ ላይ ሳወጣው
ዐሥራ አምስት፤ ዳግመኛ ግማሹ ነው የመጣው።

ሦስት ቀን።
ሽቦውን ቀየርን፣ ብየዳውን ደገምን፣
ፈጣሪን ፈርተን ፋብሪካውን ረገምን።
ሐፊዝ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አየና
“ንጹሕ ነው” ብሎ ማለ፤ እኔም አመንኩት፣ ደክሞኛልና።

ቡን ቴክ ጥግ ላይ ነው፣ መበየጃውን ይዞ፣
መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተጠምዝዞ።
ቃል ሲጀምር ይይዘዋል። ፊደሏ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣
ልግባ ልውጣ ትላለች።
“የ... የ... የመጀመ...” ይላል።
“የመጀመሪያው ሰሌዳ?” ይላል ሐፊዝ።
“የመጀመሪያው ናሙና?” እላለሁ እኔ።
ደግነት መስሎን ነው። ቃሉን ከአፉ ነጥቀን፣
ያላለውን አስጨርሰነው እንሄዳለን።
እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ጢሱ ይመለሳል።

በሦስተኛው ማታ ዝናቡ ወረደ፤
ሐፊዝ በሞተሩ ወደ ቤት ነጎደ።
ኦሲሎስኮፑ ላይ ሁለት መስመር ቀረኝ፣
አንዱ ጥሪ፣ አንዱ ሰዓት፤ ሁለቱም ዝም አሉኝ።
ጥሪው ዝቅ ሲል ስም መጥራት ነው፦
“አንተ ሴንሰር፣ ላንተ ነው የማወራው።”
ሰዓቱ ወዲያው ይመታል፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣
በየምቱ አንድ ቢት፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ፣ በደንብ።
ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ቡን ቴክ ከኋላዬ መጣ፤ ጃንጥላ ይዟል።
“የ...” አለ።
አፌ ተከፍቶ ነበር። የማቀብለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።
ዘጋሁት።
(ድካም ነው እንጂ ጨዋነት አይደለም።)
“የ... የመ...”
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
ማቀዝቀዣው ጠፋ። ቆይቶ ተነሣ።
“የመጀመሪያው ም... ምት
ሳ... ሳይነቃ ነው የሚደርሰው።”

ሳይነቃ!
ስሙን እንጠራለን፤ “አቤት” እስኪል አንቆምም።
ሲሞቀው ደግሞ እንቅልፉ ይከብዳል።
የመጀመሪያው ምት ባልነቃ ጆሮ ላይ ያልፋል፣
እሱ በሁለተኛው መልሱን ይጀምራል፤
እኛ ግን ከመጀመሪያው ቆጥረናል፤
ሁሉም በአንድ ቦታ ይንሸራተታል፣
ሠላሳውም ዐሥራ አምስት ይሆናል።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
እኛ ማፍሰሳችንንም አላየን።

ሬጂስተሩን ከፈትኩ። ሦስት ባዶ ቦታ፣ ሦስቱም ዜሮ፦
ከጥሪ እስከ ምት፣
ከመጨረሻው ምት እስከ ስንብት፣
ከአንዱ ወግ እስከ ሌላው መተንፈሻ ሰዓት።
“ስንት ላድርገው?” አልኩት።
በጣቱ አቧራው ላይ ጻፈ፦ ስምንት።
የስምንት ምት ዝምታ፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ።
ለሰው ምንም ነው፣ ሽፋሽፍት እንኳ አያርገበግብም፤
ለሚነቃው ግን ተንጠራርቶ ጫማ ማሰሪያ ነው።

በፀጉር ማድረቂያ ሰሌዳውን አጋልኩት።
ሠላሳ። ሠላሳ። ሠላሳ።
ቡን ቴክ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ፤
እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው የዘረጋው።

ጠዋት ሐፊዝ “ምን አገኛችሁ?” አለ።
“ቡን ቴክ ይንገርህ” አልኩት።
“በ...” ብሎ ጀመረ ቡን ቴክ።
ሐፊዝ አፉን ከፈተ።
እግሩን ረገጥኩት።